የካርቦን ወረቀትና የሽልንግ ዘመን

ጡረተኞች በሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ሁሉ አንድ የማይቀር ወሬ አለ። አንደኛው «በእኛ ጊዜ በሽልንግ...» ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ስሙኒን ያነሣል፤ ሦስተኛው የመጀመሪያ ደመወዙን እስከ ሳንቲሙ ይቆጥራል። ወሬው ቀስ እያለ ወደ መሥሪያ ቤት ይዞራል። የጽሕፈት መኪናው ኳኳታ፣ ጣት የሚያጠቁረው ካርቦን፣ የስቴንስል ቀለም ሽታ፣ አግራፉ፣ ካርኒው፣ በቁልፍ የሚዘጋው የመዝገብ ቤት ሣጥን ተራ በተራ ይወሳሉ። ወጣቱ በአጠገባቸው ሲያልፍ «ሽማግሌዎች ናፍቆት ይዟቸዋል» ብሎ ፈገግ ይላል።

ናፍቆቱ አይነቀፍም። ዳሩ ግን ናፍቆት ሒሳብ አያውቅም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ የድሮውን ዋጋና የድሮውን ቢሮ በአንድነት አንሥተን እንመርምራቸው። ሁለቱ የሚገናኙበት ሥፍራ አለና።

በመጀመሪያ ከስሙ እንነሣ። 50 ሳንቲምን ሽልንግ ያሰኘው ምንድን ነው? ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲባረር ከእንግሊዝ ጦር ጋር የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ወደ አገራችን ገባና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ይገበያዩበት ጀመር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ሒሳብ ተመነዘረ። እንግዲህ የብር እኩሌታ አንድ ሽልንግ ሆነ ማለት ነው። የእንግሊዝ ገንዘብ ሄደ፤ ስሙ ግን በእኛው 50 ሳንቲም ላይ ተቀምጦ ቀረ። 1936 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት ያ ሽልንግ ከእውነተኛ ብር ማዕድን የተሠራ ነበር። አያቶቻችን «ገንዘብ ማለት ያኔ ነው» ሲሉ ቢያንስ በዚህ አልተሳሳቱም።

የቢሮውም ነገር እንዲሁ ነው፤ ዕቃው ሲጠፋ ቃሉ ይቀራል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ነበሩ። በዚያን ጊዜ የመንግሥት ቢሮ ማለት ብዕር፣ ቀለምና ማኅተም ነበር። ደብዳቤው በእጅ ይጻፋል፤ ግልባጭ ካስፈለገ እንደገና በእጅ ይገለበጣል። ስለዚህም ጸሐፊ መሆን የእጅ ሙያ ነበር፤ የፊደሉ ውበት የሰውዬውን እንጀራ ይወስን ነበር።

የጽሕፈት መኪና ይህን ሙያ ሊነጥቀው መጣ፤ ግን ፊደላችን በቀላሉ እጅ አልሰጠውም። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያም ያልፋል። የፈረንጅ መኪና ይህን ሁሉ የሚሸከም ቁልፍ ከየት ያመጣል? መላውን ከፈለጉት ሰዎች መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩት እርሳቸው እንደሆኑ ይነገርላቸዋል። በአማርኛ መኪኖች የተለመደው ዘዴ ፊደሉን ከፋፍሎ መሥራት ነው፤ ግንዱ በአንድ ቁልፍ፣ የካዕቡ ወይም የሣልሱ ምልክት በሌላ ቁልፍ ይመታል። ታይፒስቷ «ሙ» ለማለት «መ»ን መትታ ቅጥያዋን ትጨምራለች። በኋላ ኦሊቬቲን የመሰሉ የውጭ ኩባንያዎች የአማርኛ መኪና ሠርተው ቢሮዎቻችንን ሞሉ። በመኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከፊደሉ ጎን ትንሽ ፈንጠር ብሎ መቆሙን ያስታውሳል። የቁም ጸሐፊው ውበት በፍጥነት ተለወጠ። ፊደላችን በቁጥሩ ሳይቀነስ ወደ ዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር መለያ ሥርዓት ወደ ዩኒኮድ የገባው እኮ በፈረንጆቹ 1999 ነው።

ካርቦንስ? ከሁለት ነጭ ወረቀት መሐል ይገባል፤ ቁልፉ ሲመታ ቀለሙ ወደ ታችኛው ያልፋል። ካርቦንና ወረቀት እያፈራረቁ ሦስት አራት ቅጂ ማውጣት ይቻላል፤ የመጨረሻው ግን እንደ ጭጋግ የደበዘዘ ነው። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ሁሉንም ቅጂ አንድ በአንድ ማረም ነው። በዚህ ምክንያት አለቃውም ጸሐፊዋም አንድ ቃል ከመጻፉ በፊት ያስቡ ነበር። ዛሬም በደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ፦» ብለን የመሥሪያ ቤቶችን ስም ስንደረድር የምንከተለው የዚያን ዘመን ልማድ ነው።

በዚያን ጊዜ ግልባጭ የሥልጣን መቆጣጠሪያ ነበር። ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይፈረማል፤ አንዱ ቅጂ በተቀባዩ፣ ሌላው በሒሳብ ክፍል፣ ሌላው በጥራዙ ላይ ይቀራል። ሌባ አንዱን ቢያጠፋ ሌላው ይመሰክርበታል። ያ ሁሉ ፊርማና ማኅተም ባለጉዳዩን «ነገ ተመለስ» እያለ ሲያንከራትተው መኖሩ እውነት ነው። ወረቀቱ ድሃውን ያደክማል፤ ያው ወረቀት ደግሞ አንዳንዴ ድሃውን ያድነዋል።

ስቴንስል የካርቦን ታላቅ ወንድም ነው። በሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፤ የመኪናው ሪባን ይነሣና ፊደሉ ሰሙን ይበሳዋል፤ ከዚያ በማባዣ መኪና ላይ ተጠምዶ በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ ይወጣበታል። ተማሪ የፈተና ወረቀቱን የሚያውቀው በዚያ ቀለም ሽታ ነበር። ስቴንስል ግን ከፈተና የበለጠ ታሪክም አለው። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የኢሕአፓ «ዴሞክራሲያ» እና የመኢሶን «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» በኅቡዕ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፉ ጀመር። ማተሚያ ቤቱ በመንግሥት እጅ ሲሆን ማባዣ መኪና ያለው ሰው ድምፅ አለው። በ1969 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ የጽሕፈትና የማባዣ መኪናም ከጠመንጃ ጋር አብሮ የሚፈለግ ዕቃ ሆነ። በናፍቆት የምናነሣው ያ የቢሮ ዕቃ ባለቤቱን ሊያስገድል የሚችልበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ በዲግሪ የተመረቀ ሰው በ500 ብር ይቀጠር ነበር። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ የአሜሪካ ዶላር በይፋ 2 ብር ከ07 ሳንቲም ነበርና ያ ደመወዝ በወረቀት ላይ 240 ዶላር ያህል ይሆናል። ይህ ምንዛሪ እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ ንቅንቅ አላለም፤ በዚያ ዓመት ግን በአንድ ጊዜ 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 አለፈ። ይህን ያየ ሰው ሽልንግን ቢናፍቅ ማን ይፈርድበታል?

የቤት ኪራዩም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራይ ተቀነሰ፤ እስከ 100 ብር የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። የተከራየው ሰው ተደሰተ። ነገር ግን ከአንድ ቤት ኪራይ በቀር ሌላ ገቢ የሌላት ባልቴትም በዚያው አዋጅ ቤቷን ተነጠቀች፤ የቀበሌው ቤትም ጠጋኝ አጥቶ እያዘመመ ሄደ። ርካሽነቱ ዕዳውን ለጣሪያውና ለግድግዳው አስተላለፈ።

ከሁሉ የሚከብደው የጤፉ ሒሳብ ነው። የከተማው ሰው በቀበሌ ሱቅ እህል በተመን ሲሸምት ያ ተመን ከሰማይ አልወረደም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ኮታ ይጥልበት፣ ከገበያው በታች በሆነ ዋጋም ይረከበው ነበር። እህል ከአውራጃ ወደ አውራጃ እንዳያልፍ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረከበበት ጊዜ ነበር። ይህ አሠራር የተነሣው የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው። እንግዲህ «ያኔ ጤፍ ርካሽ ነበር» ስንል ዓረፍተ ነገሩ አልተፈጸመም፤ ልዩነቱን የከፈለው ገበሬ ነበር ብለን መጨመር አለብን።

ይህን ሁሉ እንዴት ልናውቅ ቻልን? ስለተጻፈ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት የኢትዮጵያን የኢኮኖሚ ታሪክ ሲጽፉ የጨውን፣ የጨርቁንና የእህሉን ዋጋ ያገኙት ተጓዦችና ቆንስላዎች ከተዉት ማስታወሻ እየለቀሙ ነው። ልዩ ዐቃቤ ሕግም የቀይ ሽብርን ክስ ሲያቀርብ ከምስክሮቹ ቃል ሌላ ትልቁ መሣሪያው የደርግ የራሱ ወረቀት፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበር። ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ሲሰጥ ከዳኞቹ ፊት ከቆሙት ምስክሮች አንዱ የደበዘዘ ግልባጭ ነበር ማለት ይቻላል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አበው ይህን ሳያዩ አልተናገሩም።

የእኔም ጭንቀት እዚህ ላይ ነው። የጽሕፈት መኪናው ጌጥ ሆኖ በሆቴል መግቢያ ላይ ይቀመጣል፤ አሮጌው ሽልንግ በቅርስ ሻጭ እጅ ይገኛል። የካርኒው ጉርድ፣ የደመወዝ መክፈያው ዝርዝር፣ የሞዴል 22ቱ ጥራዝ ግን ማንም አይናፍቃቸውም። መሥሪያ ቤት ሲዛወር ወይም ሲፈርስ በኪሎ ይሸጡና ቆሎና በርበሬ ይጠቀለልባቸዋል። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አለን፤ መዛግብት እንዲጠበቁ የሚያዝዝ አዋጅ ቁጥር 179/1991 ወጥቷል። አዋጁ ግን እያንዳንዱ መዝገብ ቤት በር ላይ ቆሞ ሊጠብቅ አይችልም።

ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆንህ አንባቢ፣ ግምጃ ቤትህ ውስጥ አቧራ የለበሰውን ፋይል ለሻጭ ከመስጠትህ በፊት ቤተ መዛግብቱን ጠይቅ። አንቺም የእናትሽን የቤት ወጪ ደብተር ካገኘሽ አትጣዪው፤ በ1970ዎቹ ዘይትና ስኳር ስንት እንደተገዛ፣ ደመወዙ በስንተኛው ቀን እንዳለቀ የሚነግረን እርሱ ነው። ጡረተኛው የሚያወራውን ዋጋ ከነደመወዙ፣ ከነወረፋውና ከነኮታው የሚያጸናለት ወይም የሚያርምለት ሌላ ምስክር የለም።