ዕጣና መቀስ፦ ያለ ፈራጅ የተቀነባበሩ ፊልሞች

በ1920ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሶቪየት ፊልም ሠሪዎች፣ በተለይም ሰርጌይ አይዘንስታይን፣ የሲኒማ ኃይል ከካሜራው ይልቅ በመቀሱ ላይ መሆኑን አስተማሩ። ሁለት ቁራጭ ምስሎች ሲጋጩ በአንዳቸውም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ በተመልካቹ አእምሮ ይወለዳል። እንግዲህ መቀሱን የያዘ የተመልካቹንም ሐሳብ ይዟል ማለት ነው። ይህን ሥልጣን ከሰው ፈቃድ ነጥቀው ለዕጣ ወይም ለደረቅ ሕግ ለመስጠት የሞከሩ ሰዎች ታሪክ ግን በእኛ ዘንድ ብዙም አልተነገረለትም።

መነሻው ከሲኒማ ውጭ ነው። ትሪስታን ዛራ በ1920 ጋዜጣ ቆራርጦ ቃላቱን ከከረጢት በዕጣ እያወጡ ግጥም መሥራትን አስተማረ። ጆን ኬጅ በ1951 አይ ቺንግ በተባለው ጥንታዊ የቻይና መጽሐፍ እየተመራ፣ ሳንቲም እየጣለ ሙዚቃ ደረሰ። በ1959 ደግሞ ሠዓሊው ብራየን ጋይሰን በፓሪስ ወፍራም ወረቀት ሲቆርጥ ከሥሩ የተነጠፉት ጋዜጦች አብረው ተቆረጡ፤ ቁርጥራጮቹም ተገጣጥመው ሲነበቡ ያልታሰበ ትርጉም ሰጡ። ወዳጁ ደራሲው ዊልያም በሮውስ ነገሩን እንደ ጨዋታ አልተመለከተውም። ቋንቋ የመግዣ መሣሪያ ነው ብሎ ያምን ስለነበር፣ ዐረፍተ ነገርን መቁረጥ ሰንሰለትን መበጠስ መሰለው።

ሁለቱ ከእንግሊዛዊው አንተኒ ባልች ጋር ሆነው ይህንኑ ወደ ፊልም አመጡት። ባልች ያነሣውን ፊልም በአራት ከፈለው፤ ከዚያም አንድ ቅጥር ሠራተኛ ከየክፍሉ አንድ አንድ ጫማ፣ ማለትም ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በተራ እየቆረጠ እንዲቀጥል አዘዘ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እንደገናም አንደኛ። አንድ ጫማ 16 ምስል ስለሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። «ዘ ከት አፕስ» የተባለው ይህ ሥራ በ1966 በለንደን ኦክስፎርድ ጎዳና ሲታይ፣ ተመልካቹ ግራ ከመጋባቱ የተነሣ በአዳራሹ ተረስቶ የሚቀረው ዕቃ ከወትሮው በዝቶ ነበር ይባላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያ ቅጥር ሠራተኛ ነው። ከመገዛት ነጻ ያወጣል የተባለውን ፊልም የቀጠሉት እጆች አንዳችም ምርጫ አልነበራቸውም፤ በፋብሪካ እንዳለ ወዛደር የታዘዙትን ልክ ለክተው ቆረጡ። ሥልጣኑ አልጠፋም፤ መቀሱን ከያዘው ወደ ሕጉ ደንጋጊ ተዛወረ እንጂ። (በፖለቲካ ሳይንስ ለምንደክም ይህ ዓይነቱ ዝውውር እንግዳ አይደለም።) ተመልካቹም ቢሆን ሕጉን የሚያውቅበት መንገድ አልተሰጠውም።

ሕጉ በአደባባይ ሲገለጥ ነገሩ ይለወጣል። የአሜሪካዊው ሆሊስ ፍራምፕተን «ዞርንስ ሌማ» (1970) የ60 ደቂቃ ፊልም ሲሆን ረጅሙ ክፍሉ ድምፅ የለውም። ከኒው ዮርክ ሰሌዳዎች የተነሡ ቃላት በፊደል ተራ፣ እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰከንድ ይታያሉ። ፊደሉ 24 እንዲሆን አይና ጄ፣ ዩና ቪ ተዳብለዋል፤ ፊልምም በሰከንድ 24 ምስል ይሮጣል። ቀስ በቀስ ፊደላቱ አንድ በአንድ እየጠፉ በምትካቸው ቃል የሌለው ምስል ይገባል፤ ለኤክስ እሳት፣ ለዜድ የባሕር ማዕበል። ተመልካቹ ሕጉን ስለደረሰበት የሚቀጥለውን ተሰናባች ፊደል ይጠባበቃል፣ ይገምታል፣ ይሳሳታል፤ አዲሱንም ገበታ በቃሉ ይይዛል። ሀ ሁን በኅብረት እየጮኸ ላጠና ሰው ይህ ደስታ ማብራሪያ አያሻውም። ከሁሉ በኋላ የጠፋው ሲ ነው፤ ቦታውን ክንፉን የሚያራግብ ቀይ ወፍ ያዘ።