ችሎት ያልቀረበ ክስ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ደጋ ሁሉ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በዘራቸው «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻ ሲገለሉ ኖረዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ነገር ግን ክሱ የሚሰማው በዳኛ ፊት ሳይሆን በበሽተኛ መደብ ዙሪያ ነበር። በሽተኛው ጭስ ታጥኖ ሲለፈልፍ የጠራው ስም እንደ ምስክርነት ይቆጠር ነበር።

አሜሪካዊቱ ሃርፐር ሊ በ1952 ዓ.ም. ባሳተመችው ልብ ወለድ በሐሰት የተከሰሰው ጥቁር ሰው፣ ፍርድ ቢጓደልበትም፣ ደፋር ጠበቃ ነበረው፤ የእኛ ቀጥቃጭ ግን መልስ የሚሰጥበት ችሎት እንኳ አላገኘም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሰውን ሁሉ በሕግ ፊት እኩል አድርጓል። ይሁን እንጂ በመንደሩ መካከል ተነሥቶ «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት ካልተገኘ ድንጋጌው ከወረቀት አያልፍም።