የሚያሸኑ መድኃኒቶችና የሰውነት ፈሳሽ ሚዛን

ለደም ግፊት፣ ለልብ ድካምና ለሰውነት እብጠት ከሚታዘዙ መድኃኒቶች መካከል ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ፉሮሴማይድ ይገኙበታል። መድኃኒቶቹ ኩላሊት ጨውንና ውኃን በሽንት አማካኝነት በብዛት እንዲያስወግድ ያደርጋሉ።

የሰውነት ፈሳሽ ከሚፈለገው በታች ሲወርድ ጥማት፣ የአፍ መድረቅ፣ የሽንት መጥቆርና ማነስ፣ ከመቀመጫ ሲነሱ ማዞር እንዲሁም የጡንቻ መሸማቀቅ ይታያሉ። ሁኔታው ከቀጠለ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ሁልጊዜ ብዙ ውኃ መጠጣት አይደለም። የልብ ድካም ያለባቸው አንዳንድ ሕሙማን የሚጠጡትን እንዲቀንሱ ይታዘዛሉ፤ ከልክ ያለፈ ውኃም በደም ውስጥ ያለውን የሶዲየም መጠን ሊያወርድ ይችላል። በመሆኑም የዕለቱን የፈሳሽ መጠን ከሐኪም ጋር መወሰን ይገባል።

የልብ ሕሙማን ዘወትር ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይበሉ ክብደታቸውን ቢመዘኑ ይመረጣል። በሦስት ቀናት ውስጥ ከ2 ኪሎ ግራም በላይ መጨመር ፈሳሽ እየተጠራቀመ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል ሐኪም ማማከርን ይጠይቃል።

ተቅማጥ፣ ትውከት ወይም ትኩሳት ሲያጋጥም፣ እንደ መተማና ሁመራ ባሉ ሞቃታማ ቆላማ አካባቢዎች ሲሠራ፣ ውኃ ሳይጠጡ በሚጾሙበት ወቅትም ሰውነት ይበልጥ ፈሳሽ ያጣል። በእነዚህ ጊዜያት መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ሳይሆን የአወሳሰዱን መጠንና ሰዓት አስቀድሞ ሐኪምን መጠየቅ ተገቢ ነው። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ከእነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰዱ የኩላሊትን ጉዳት ስለሚያባብሱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መወሰድ የለባቸውም። ራሱን የሳተ ወይም ሽንቱ የተቋረጠ ሕመምተኛ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ ይኖርበታል።