ቸኮሌቱና እስረኞቹ

እ.ኤ.አ. በ1971 አለን ሆርንብለም የተባለ ወጣት ማንበብና መጻፍ ሊያስተምር ፊላደልፊያ ወደሚገኘው ሆልምስበርግ እስር ቤት ገባ። ብዙዎቹ እስረኞች ጀርባቸው ላይ ፋሻና ፕላስተር ተለጥፎ አየ። ጠብ ተነስቶ በስለት የተወጋጉ መሰለው። ኋላ ሲጠይቅ ግን የቆዳ ምርምር እየተካሄደባቸው መሆኑን ሰማ።

ምርምሩን የሚመሩት የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን ነበሩ። ዛሬ ስለ ብጉር ከሚታወቀው ብዙው የእሳቸው ሥራ ነው። ከቫይታሚን ኤ ዘር የሆነውንና በ1971 የተፈቀደውን ትሬቲኖይን ለብጉር ሕክምና ያበቁት እሳቸው ናቸው፤ መድኃኒቱ ከተሞከረባቸው መካከልም እነዚሁ እስረኞች ይገኙበታል።

በዚያን ዘመን ብጉር የወጣበትን ልጅ ወላጁም ሐኪሙም «ቸኮሌት ተው» ይሉት ነበር። ክሊግማንና ሁለት ባልደረቦቻቸው ነገሩን ለመፈተን 65 ሰዎችን ለአራት ሳምንት በየቀኑ ቸኮሌት፣ ለሌላ አራት ሳምንት ደግሞ ካካዎ የሌለበት ጣፋጭ አበሏቸው። ከ65ቱ 35ቱ እስረኞች ነበሩ። ወጪውን የደገፈው የአሜሪካ ቸኮሌት አምራቾች ማኅበር ነው። በ1969 የታተመው ውጤት የጎላ ልዩነት አልታየም አለ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች ብጉርና ምግብ አይገናኙም ብለው አስተማሩ።

ማነጻጸሪያው ጣፋጭ ግን ስኳሩም ስቡም ከቸኮሌቱ ጋር የሚቀራረብ ነበር! ጥናቱ ካካዎውን ነጻ ሲያወጣ ስኳሩን ጨርሶ አልጠየቀውም። በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ 43 ወጣት ወንዶች ለ12 ሳምንት ሲጠኑ፣ የደም ስኳርን ቶሎ የማያንር ምግብ የበሉት ብጉራቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ቀነሰ።

ብጉር ከቆሻሻ ይመጣል የሚለው እምነትም እንዲሁ ሥር የሰደደ ነው፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። በጉርምስና ሆርሞን ሲጨምር በቆዳ ውስጥ ያሉ ዕጢዎች ወዝ ያበዛሉ፤ ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ቆዳውም ይቆጣል። አፍንጫ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ አየር ያገኘው ወዝና የቆዳው የራሱ ቀለም እንጂ እድፍ አይደለም። በሳሙና ደጋግሞ መፈተግ የተቆጣውን ቆዳ ያባብሰዋል።

ይህ እውቀት የተገኘበት መንገድ ግን ያማል። በ1960ዎቹ ክሊግማን ዳይኦክሲን የተባለውን መርዝ በከፍተኛ መጠን 10 እስረኞችን ቀቡ። ስምንቱ ብጉር መሰል ቁስል አወጡ፤ ቁስሉ ከአራት እስከ ሰባት ወር ቆየ፤ ቶሎ እንዲድን የተደረገላቸው ነገር አልነበረም። ከእስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ የሚከፈላቸውም ጥቂት ዶላር ነበር።

የእስር ቤቱ ሙከራ በ1974 ቆመ። ክሊግማን በ2010 አረፉ። የፊላደልፊያ ከተማ ይቅርታ የጠየቀው በ2022 ነው፤ የእስረኞቹ ፋሻ ከተፈታ 48 ዓመት አልፎ።