ልብ ወለድና ታሪክ በአንድ መደርደሪያ፦ ከጠመንጃ ያዥ ሱቅ እስከ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ካታሎግ

ጠመንጃ ያዥ ሠፈር ስሙን ያገኘው፣ ቃሉ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ ከቤተ መንግሥት ጭፍሮች ነው። አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ስትቆረቆር መኳንንቱና ጭፍሮቹ በየተሰጣቸው ቦታ ይሠፍሩ ስለ ነበር፣ የአለቃው ስም ወይም የሠፋሪው ሥራ የቦታው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ ስለ ሠፈሩ ስም አንድ ሽማግሌ ቢጠይቅ ያገኘው መልስ ግማሹ ታሪክ፣ ግማሹ ተረት ነበር። የትኛው የትኛው እንደ ሆነ ግን ሽማግሌውም አልለዩለትም፣ እርሱም አልጠየቀም። በአማርኛ «ታሪክ ንገረኝ» ያለ ሰው የሆነውም ያልሆነውም ሊነገረው ይችላልና።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አንባቢ ልብ ወለዱንም ታሪኩንም፣ የሰው ሕይወቱንም የጉዞ ማስታወሻውንም አሰባጥሮ እንዲያነብ በምን መንገድ ይመራ? የሚለው ጥያቄ በሙያችን ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። መልሱን ከባሕር ማዶ ከመሻታችን በፊት፣ የገዛ አንባቢያችን መጽሐፍ የሚያገኝበት መንገድ ምን እንደ ነበረ መመርመር ይገባል።

በ1970ዎቹ ዓመታት በሠፈራችን በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ መጽሐፍ በጥቂት ሳንቲም ለአዳር ይከራይ ነበር። መጻሕፍቱ በዓይነት አልተለዩም። ሽፋናቸው በወፍራም ወረቀት ተለብጦ፣ ጀርባቸው በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ከሳሙናና ከክብሪት ጎን ተደራርበው ይቀመጡ ነበር። ማሞ ውድነህ ስለ ስለላ የጻፏቸውና የተረጎሟቸው፣ በሞስኮ የፕሮግሬስ ማተሚያ ድርጅት በአማርኛ ያሳተማቸው፣ የአቤ ጉበኛና የበዓሉ ግርማ ልብ ወለዶች፣ የትምህርት ቤት የታሪክ መጻሕፍትም ጭምር በአንድ ክምር ነበሩ። «ጋሼ፣ ሁለተኛው ክፍል ተመለሰ?» ስንል፣ «አልተመለሰም፤ እስኪመለስ ይህን ያዝ» እያለ ከእጁ የገባውን ይሰጠናል። ይህን የሚያደርገው ለሥነ ጽሑፍ አስቦ ሳይሆን ሳንቲሙ እንዳያመልጠው ነበር። ይሁን እንጂ የፍቅር ታሪክ ሊከራይ ሄዶ የዐድዋን ጦርነት ይዞ የተመለሰ ልጅ በሠፈሩ አንድና ሁለት አልነበረም። የሱቁ ካታሎግ አንድ ባለ መስመር ደብተር ሲሆን፣ በግራው የተከራዩ ስም፣ በቀኙ የመጽሐፉ ስም ይጻፍበት ነበር። የመጽሐፉ ዓይነት የሚመዘገብበት ዓምድ አልነበረውም።

ማንበብ ላልቻለው ደግሞ ሬዲዮ ነበረለት። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቈጠሩ እናቶች የሰብለ ወንጌልን ነገር እንደ ጎረቤት ልጅ ነገር ይከራከሩበት ነበር።

በልብ ወለድና በእውነተኛ ታሪክ መካከል ያለው አጥር ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ከሁሉ ይልቅ ያሳየን የ«ኦሮማይ» ዕጣ ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ደራሲው በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። በሽፋኑ ላይ ልብ ወለድ የተባለውን ሹማምንቱ እንደ ሰነድ አነበቡት፤ አንባቢውም እንዲሁ።

አጥሩ በእኛ ዘንድ አዲስ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እጨጌ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በርለዓም ወይዋስፍ» መነሻው በሕንድ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ሲሆን፣ በገዳማቱ ግን እንደ እውነተኛ የቅዱሳን ዜና ሲነበብ ኖሯል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድም ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ልብ የወለደው ቢሆንም ታሪክነቱን አልተነፈገም። ልብ ወለድ ላልሆነው ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የወል ስም አልነበረንምና፣ ዛሬ «ኢልቦለድ» እያልን በአፍራሽ ፊደል እንጠራዋለን። የሌላውን ሁሉ ስም ከልብ ወለድ ማውጣት ለዚህ ጸሐፊ ጆሮ እስከ አሁን አልተስማማውም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ ልናስታውሳቸው የሚገባን ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. ምሳሌያዊውን «ወዳጄ ልቤ»ን አሳተሙ፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የታላላቅ ሰዎችን ዜና የሰበሰቡበትን «የሕይወት ታሪክ» አወጡ። ከዚያም ወደ ጃፓን ስላደረጉት ጉዞ ጻፉ። በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለድ አስከተሉ። ሁለቱን ዓይነት በአንድ እጅ የጻፉት እኒሁ ሰው በ1920 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ካታሎግ አዘጋጅተው አሳትመዋል። የመንግሥት ሥራ የበዛበት ሰው ተቀምጦ የመጻሕፍት ስም መልቀሙ ቀላል ነገር አይደለም። አንባቢ ያልሰማውን መጽሐፍ አይፈልግምና፣ ከሁሉ አስቀድሞ መኖሩን ማሳወቅ እንደሚገባ ተረድተው ነበር። የሕዝቡ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር የተቋቋመው በ1936 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ዝርዝሩ ከቤቱ 16 ዓመት ቀድሟል ማለት ነው።

እኛ የወረስነው ሥርዓት ግን ሌላ ነው። አሜሪካዊው ሜልቪል ዴዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአሥርዮሽ አመዳደብ ለሥራችን የሰጠው ጥቅም አይካድም፤ ቁጥሩን ሳንይዝ መጽሐፍ ማግኘት አንችልም ነበር። ሆኖም በእርሱ መሠረት የኢትዮጵያ ታሪክ በ963፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በ892.8 ሥር ይመደባል። በሁለቱ መካከል ረጅም ርቀት አለ። ለምሳሌ ዐፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። አለቃ ዘነብ በአማርኛ የጻፉትና ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ዜና መዋዕል፣ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» (1981 ዓ.ም.) በአንድ ወገን ይቀመጣሉ። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» (1958 ዓ.ም.) እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» (1961 ዓ.ም.) በሌላው ወገን ናቸው። «አንድ ለናቱ»ን ጨርሶ በቴዎድሮስ ዘመን በእርግጥ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የጓጓ ወጣት አለቃ ዘነብን ለማግኘት ሌላ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ሌላ ክፍል መሻገር አለበት። ካልነገርነው አይሻገርም።

ያቺ የጠመንጃ ያዥ ሱቅ ከተዘጋች ቆይታለች። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በልደታ በተካሄደው መልሶ ማልማት አያሌ አሮጌ መንደሮች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ሕንጻዎች ተተክተዋል። ቤት ያገኘው ሰው ስለ ደስታው አይወቀስም። ነገር ግን በየደጁ እየተዋሰ የሚነበበው መጽሐፍ፣ ከጎረቤት ጋር አብሮ ተበትኗል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በአራት ኪሎ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰፊ ነው፤ ወመዘክርም ከልደታ በእግር የሚደረስ ነው። ሆኖም በእነዚህ ቤቶች «እስኪመለስ ይህን ያዝ» የሚለው ሰው ማን ነው?

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ምድቡ እንዳለ ሆኖ፣ በየወሩ አንድ ጉዳይ ተመርጦ፣ ልብ ወለዱ፣ ታሪኩ፣ ዜና መዋዕሉና ቴያትሩ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይውጡ፤ ስማቸውም በኅሩይ ዓይነት በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ በበሩ ላይ ይለጠፍ። ቴዎድሮስ ለመጀመሪያው ወር ይበቃል። ለሁለተኛው ዐድዋ፣ ለሦስተኛው የ1966ቱ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ወጪው አንድ ወረቀትና የአንድ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ነው። ከጠረጴዛው የትኛው መጽሐፍ ከየትኛው ጋር አብሮ እንደ ተወሰደ በደብተር ቢመዘገብ ደግሞ፣ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይ ውጤቱን ለመወያየት ያስችለናል።