በጁባና በጎሮም ላላችሁ እህቶች፦ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ወሊድ አገልግሎት

ጎሮም የስደተኞች መጠለያ ከጁባ በስተምዕራብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ድሮ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው ከጋምቤላ የመጡ አኙዋኮች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ግን ሱዳናውያን ስለገቡበት ተጨናንቋል። የስነ ተዋልዶ ጤና ትምህርቱ በመጠለያውም ሆነ በከተማው የሚሰጠው በአብዛኛው በአረብኛና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ብቻ የምትሰማ ሴት ተሰልፋ ትቀመጣለች፣ ፖስተሩን ታያለች፣ ትመለሳለች።

መጀመሪያ ስለ ካርድ። አገር ቤት ክንድ ላይ የሚቀበረውን መከላከያ አስገብታችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁ፤ ኢምፕላኖንን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጭምር በየቀበሌው ያስገባሉና። ካርዱ ላይ «የካቲት 2015» የሚል ካለ በኛ አቆጣጠር ነው። የጁባዋ አዋላጅ ግን የፈረንጅ 2015 መስሏት «ጊዜው ካለፈ ቆይቷል» ልትል ትችላለች። ትክክለኛው ፌብሩዋሪ 2023 ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ካርዱ ጎን ላይ ጻፉት። ካርዱ ከጠፋ ክንዳችሁን ዳብሱ፦ አንድ ዘንግ ከሆነ ኢምፕላኖን ነው፣ ለ3 ዓመት ይሠራል። ሁለት ከሆነ ብዙ ጊዜ ጃዴል ነው፣ 5 ዓመት። የሦስት ወር መርፌ የምትወጉ ደግሞ ቀጠሮ አለፈ ብላችሁ አትቅሩ፤ እስከ 4 ሳምንት ቢዘገይም ይሰጣል።

አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን ልጃችሁን አይሁን። የ10 ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ደም መፍሰስ እንዴት ብሎ ይናገር? ባልም ቢሆን ሁሉም ነገር በሱ ፊት አይወራም። የምታምኗት፣ አረብኛ የምትችል ሴት ትሻላለች። አዋላጇን ከፈለጋችሁ «ዳያ» ብላችሁ ጠይቁ።

የተባበሩት መንግሥታት ለእ.ኤ.አ. 2020 ባወጣው ግምት በደቡብ ሱዳን ከ100,000 ወሊድ 1,223 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በኢትዮጵያ 267። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሆና ደም የፈሰሳት፣ ራሷን እየፈለጣት ዓይኗ ብዥ ያለባት፣ ፊቷና እጇ ያበጠ ወይም ያንቀጠቀጣት ሴት እስኪነጋ አትጠብቅ። ምጡ ከ12 ሰዓት ካለፈም እንዲሁ። በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን የመውለጃችሁ ወር ሲገባ ማን መኪና እንዳለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ የትራንስፖርት ብርም ለብቻ አስቀምጡ።

አስገድዶ መድፈር የደረሰባት እህት በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰች የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት፣ በ5 ቀን ውስጥ ደግሞ እርግዝና የሚከላከል እንክብል ታገኛለች። ጁባ ቲቺንግ ሆስፒታል ውስጥ ለዚሁ የተለየ ማዕከል አለ። «ፎርም 8» የሚባለው የፖሊስ ወረቀት ለክስ ይጠቅማል እንጂ ለመታከም ግዴታ አይደለም። በር ላይ ያለው ሰው ቢጠይቃችሁ «ሐኪም ላናግር» በሉና ግቡ።