ጅማ ያልደረሰው ጉዞና የተማሪዎቻችን የአገልግሎት ግዴታ

በ1920 ዓ.ም. በዶ/ር ቶማስ ላምቢ የተመራው የኤስ.አይ.ኤም. ቡድን ከአዲስ አበባ የተነሣው ጅማ ለመግባት ነበር፤ ሆኖም በከምባታ፣ በወላይታና በሲዳማ ቀረ። በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ በወላይታ የተጠመቁት መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ምእመናኑን በሺዎች ሆነው አገኟቸው። በእነዚያ ዓመታት ኮሌጅም ዲፕሎማም አልነበረም፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉት መሪዎች እየታሰሩና እየተገረፉ መንጋውን ጠበቁ። ከዚያም ወንጌላውያኑ ወደ ጎረቤት ሕዝቦች ወጡ።

በዚህ ታሪክ አገልግሎት ትምህርትን ቀደመ። ዛሬ በጅማ፣ በአጋሮ ወይም በሊሙ አጥቢያ የሚመደብ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ግን ለመመረቅ ሲል ያገለግላል። ግዴታው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ያላገለገለ መጋቢ መሆን የለበትምና። ነገር ግን በቡና ለቀማ ወራት ምእመናን እርሻ ሲውሉ፣ ነጥብ ባይያዝለትም ተከትሏቸው ይሄዳልን? ተማሪውን ከመመዘናችን በፊት ይህን እንጠይቅ።